ከቱርቦው አፍ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወጣ። ጫፉ ከባሕር ጠለል 4,302 ሜትር ከፍ ይላል። ሞተሩ ሊበርቲ የሚባለው ባለ 12 ሲሊንደር ነበር፤ ዝቅ ባለ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ተራራው ላይ ሲያስነሡት ግን 230 ላይ ቆመ። ቆላ ያደገ ሰው ደጋ ወጥቶ ደረጃ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ ሞተሩም አየሩ ሳስቶበት ነው። ሞስ በራሱ በሞተሩ ጭስ የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ ገጠመለትና እንደገና አስነሣው። 356 መጣ።

ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ነበረ። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ የባለቤትነት ማመልከቻውን ያስገባው በ1905 ነው። የፓይክስ ፒኩ ሙከራ ያሳየው፣ ዛሬ ቱርቦ የምንለው ይህ መጭመቂያ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አየር በሳሳበት ከፍታ ላይ መሆኑን ነው። እዚያው ተራራ ላይ በየዓመቱ የመኪና ውድድር ይካሄዳል፤ ከ2018 ጀምሮ ክብረ ወሰኑን የያዘው በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ የወጣ የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ነው። ያ መኪና አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር የያዘ ሰው ግን ዛሬም የሞስ ጥያቄ አለበት፤ ሞተሩ አየር በበቂ እንዲያገኝ ምን ይደረግ?

ጥያቄው እኛ ቤት የገባው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። የምንኖረው አውሮራ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ፓይክስ ፒክ በስተደቡብ ይታያል፤ ከተማው ራሱ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። ልጁ የ2005 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ አለው፤ ባለ 2 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው፣ ፋብሪካው 227 የፈረስ ጉልበት ብሎ ያወጣው መኪና። ቆጥቦ ነው የገዛው፤ ይወደዋል።

«አጎቴ፣ ኢንቴኩን ልቀይር ነው» አለኝ፤ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ክፍል ማለቱ ነው፤ ስልኩን ከፍቶም አሳየኝ። የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሾጣጣ ቆብ የተሠራ ቀይ ማጣሪያ። ሻጩ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል ብሎ ጽፏል።

እንዲህ ያለው ዕቃ በገበያ ላይ በሦስት መልክ ይገኛል። ቀላሉ የፋብሪካውን ሣጥን ሳይነኩ ውስጡ ያለውን ማጣሪያ ብቻ የሚቀይሩበት ነው። ሁለተኛው ሣጥኑን አውጥቶ አጭር ቱቦና ክፍት ማጣሪያ እዚያው ኮፈኑ ሥር የሚያስቀምጠው ነው፤ ልጁ የመረጠው ይህንን ነበር። ሦስተኛው ቱቦውን አስረዝሞ ማጣሪያውን ከጎማው በላይ፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ይሰውረዋል፤ ሐሳቡ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ነው። ሁለተኛው በጣም ይሸጣል፤ ለመግጠም ቀላል ነው፣ ኮፈኑ ሲከፈት ያምራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፅ አለው። ነዳጅ ሲረገጥ ቱርቦው ሲምግ ይሰማል፤ ሲለቀቅ ያፏጫል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። የዚህ ሱባሩ ኮፈን ላይ ትልቅ አፍ አለ፤ ብዙ ሰው ሞተሩ የሚተነፍስበት ይመስለዋል። በዚያ የሚገባው ነፋስ የሚያበርደው ኢንተርኩለሩን ነው፤ ማለትም ቱርቦው ጨምቆ ያሞቀውን አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘውን ክፍል። ሞተሩ የሚተነፍሰው ከፊት፣ በተሳፋሪው በኩል ካለ ጠባብ አፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ማጣሪያው ሣጥን፣ ከሣጥኑ በአየር መለኪያው ሴንሰር በኩል አልፎ፣ ከሞተሩ በላይ በተጋደመው የአየር ማከፋፈያ ሥር በሚሾልክ ጥቁር የጎማ ቱቦ ወደ ቱርቦው ይሄዳል። ይህን መንገድ ያስታውሱልኝ፤ ታሪኩ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው እንዲያዩለት ወሰድኩት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ለረጅም ዓመታት መካኒክ የነበሩ ናቸው፤ እዚህም በሙያቸው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስልኩን አዩ፣ መልሰው ሰጡት፣ ከዚያ ኮፈኑን አስከፈቱ።

«አሮጌው ምን እንደሚቀማህ ሳታውቅ፣ አዲሱ ምን እንደሚሰጥህ በምን ታውቃለህ ልጄ?» አሉት።

«ጋሼ፣ የፋብሪካው ያፍነዋል ይላሉ እኮ ሁሉም።»

«ያፍነው ይሆናል። ስንት ያፍነዋል?»

በቱርቦ መኪና ላይ ይህን መመለስ ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል። ምክንያቱን የገባኝ ማታ ቤቴ ሂሳቡን ስሠራ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አውሮራ ላይ 83 አካባቢ ነው፤ 2,355 ሜትር ላይ ያለችው አዲስ አበባ ደግሞ 76 ገደማ ታገኛለች። ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚልከውን አየር 190 ላይ ማድረስ አለበት እንበል። ባሕር ዳር ላይ የሚገባውን ግፊት 1.9 ጊዜ ያህል ቢያበዛው ይበቃዋል። አውሮራ ላይ 2.3 ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ 2.5 ጊዜ ማብዛት ይኖርበታል። ማጣሪያውና ቱቦው ከመንገድ የሚያስቀሩት ግፊት ከዚህ ማባዣ በፊት ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ እኛ ከተማ ከቱርቦው በፊት የጠፋ 1 ኪሎ ፓስካል ከቱርቦው በኋላ ከ2 በላይ ሆኖ ይቆጠራል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ዕዳው ይበዛል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ በደከመ ማጣሪያ የሚነዳ ባለ ቱርቦ መኪና፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለ ተመሳሳይ መኪና ይልቅ በዚያው ማጣሪያ ይጎዳል ማለት ነው።

ታዲያ ሹፌሩ ይህንን ለምን አያየውም? ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቱርቦ ጌጅ ስለሚደብቀው ነው። የመኪናው ኮምፒውተር የሚፈለገውን ግፊት ያውቃል፤ ከበፊት የጎደለውን ቱርቦውን ይበልጥ በማሽከርከር ይተካዋል። ጌጁ ያው ቁጥር ላይ ይቆማል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ይከማቻል፦ ቱርቦው በፍጥነት ይዞራል፣ አየሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ጭሱ መውጫ ላይ ይታመቃል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲታፈን ወዲያው ይደክምና ያስታውቃል፤ ባለ ቱርቦው ግን አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ችሎ ይሄዳል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ያለ ሂሳብ ያውቁት ነበር መሰለኝ። በቀጠሯችን ቀን ስንደርስ ጣውላ ላይ ሥራ ጀምረዋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አጥፈው፣ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ወደ ላይ አቁመው በቴፕ ለጥፈውታል፤ መሐሉ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ። ቱቦው ውስጥ እስከ ግማሽ ድረስ ቀይ ቀለም የነካው ውሃ። አንዱን ጫፍ ክፍት ተዉት፤ ሌላውን በረጅም ቱቦ ከማጣሪያው ሣጥን በኋላ ካለው ቦታ ጋር አገናኙት። ሞተሩ ሲስብ በዚያ በኩል ያለው ውሃ ወደ ላይ ይሳባል፣ የሌላው ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ማጣሪያው የቀማው ግፊት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ማለት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው።

«ስንዝር ሁለት ነው በለው» አሉኝ ጋሼ። በእርሳቸው እጅ አንድ ስንዝር 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ኪሎ ፓስካል።

ልጁ ነዳ፣ እኔ ጣውላውን ጉልበቴ ላይ አቁሜ ያዝኩ፣ ጋሼ ከኋላ ተቀመጡ። ወደ አውራ ጎዳናው በሚያስገባው ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሙሉ በሙሉ ረገጠው። ቀዩ ውሃ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የሞተሩ ዙር ሲጨምር በአንዱ እግር ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ሄደ። ከ6,000 ዙር በታች፣ ፍጥነቱ ከተፈቀደው ሳያልፍ፣ ልዩነቱ አንድ ስንዝር አካባቢ ደረሰ። ለቀቀው፤ ውሃው ተመለሰ። ደጋገምነው፤ ያው ነው።

ከዚያ ጋሼ መለኪያውን ወደ ውስጥ አራቁት። ቱርቦው አፍ አጠገብ፣ ያ ጥቁር የጎማ ቱቦ ላይ፣ ከፋብሪካው የመጣች ትንሽ የጎን ቀዳዳ አለች፤ ጫፉን ከእርሷ ጋር አያያዙት። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ። ውሃው ሁለት ስንዝር አልፎ ሄደ፤ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

ልጁ መኪናውን ዳር አቁሞ ወደ ጣውላው ዞረ። ሊገዛ የነበረው ዕቃ የሚተካው ማጣሪያውንና ሣጥኑን ነው። የሚቀማው ግፊት ግን ከግማሽ በላዩ የሚጠፋው ከሣጥኑ በኋላ፣ ማንም በማያየው ቱቦ ውስጥ ነበር። ያንን ቱቦ አዲሱ ዕቃ አይነካውም።

«እሺ፣ ግማሹም ግማሽ ነው» አለ ልጁ። ትክክል ነው። ስለዚህ እርሱንም አሰላነው። አዲሱ ማጣሪያ የሣጥኑን ቅሚያ በግማሽ ቀንሶ 1 ኪሎ ፓስካል ይመልሳል እንበል፤ ለጋስ ግምት ነው። ቱርቦው ያንን ያህል ይቀለዋል፣ ከርሱ የሚወጣውም አየር በ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ኢንተርኩለሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከዚህ የሚቀረው ከ1 ዲግሪ ያነሰ ነው።

በሌላ በኩል ክፍቱ ማጣሪያ የሚቀመጠው ኮፈኑ ሥር ነው። ጋሼ የወጥ ቤት ቴርሞ ሜትር ሽቦውን ማጣሪያው ሊሆን በሚችልበት ቦታ አስረው ከተማ ውስጥ አስነዱን። መንገዱ ክፍት ሲሆን ነፋሱ ያበርደዋል፤ መብራት ላይ ስንቆም ግን ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል፤ ከውጭው አየር በ25 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ቱርቦው የሚገባለትን ሙቀትም አብሮ ያበዛዋል፦ በ25 ዲግሪ የሞቀ አየር ሲገባለት የሚወጣው በ35 ዲግሪ ገደማ የበለጠ ሞቆ ነው። ኢንተርኩለሩ አብዛኛውን ቢያወርደው እንኳ የሚተርፈው ከዚያች ከተመለሰችው ዲግሪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን፣ ሹፌሩ ጉልበት በሚፈልግበት በዚያች ቅጽበት፣ ክፍቱ ማጣሪያ የሚያቀርበው ከሁሉ የከፋውን አየር ነው። የፋብሪካው ሣጥን አስቀያሚ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን የሚስበው ከውጭ ነው፣ ከሞተሩ ሙቀትም ይጋርዳል። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሣጥን በአክብሮት ነው የማየው።

ልጁ ግን የሰማውን ትቶ ያሰላነውን ማመን ከበደው፤ አልፈርድበትም። ጓደኛው ተመሳሳይ መኪና ላይ የተገጠመ ቱቦና ማጣሪያ ነበረውና ተዋሰው። ገጠሙት። እኔም አብሬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ደስ ይላል። መኪናዋም ከበፊቱ የቀለለች፣ ቶሎ የምትነሣ መሰለችኝ። ልጁ እጁን እያጨበጨበ «አያችሁ!» አለ። ጋሼ ምንም አልመለሱም፤ ስልካቸውን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ቁጥር ያነቡ ነበር።

የሚያነቡት መካኒኮች ፊውል ትሪም የሚሉትን ነው። የሱባሩው ኮምፒውተር ስንት አየር እንደገባ የሚያውቀው ከሣጥኑ በኋላ ባለው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ፤ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ ቅዝቃዜ ተነሥቶ የአየሩን ክብደት ይገምትና ቤንዚኑን ይመጥናል። ከዚያ ጭሱ ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ቅልቅሉ ትክክል መሆኑን ይነግረዋል፤ ነዳጁ አንሶ ከሆነ በመቶኛ ይጨምራል። ያ የጨመረው ቁጥር ነው ፊውል ትሪም።

ችግሩ፣ ሽቦው የሚለካው የሚነካውን አየር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የተማረው በፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው። የቱቦው ውስጥ ስፋት ከ70 ሚሊ ሜትር ወደ 76 ቢያድግ፣ ያው አየር በሰፊ ቦታ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሽቦው አጠገብ ያለው ፍጥነት በ15 በመቶ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ የገባው አየር በ15 በመቶ ያነሰ ይመስለውና ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ያሳንሳል። ዝግ ብሎ ሲነዳ የኦክስጅን ሴንሰሩ ስሕተቱን ይይዘዋል። ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ግን የዚያ ዘመን መኪኖች በአብዛኛው ይህን ሴንሰር መስማት ትተው በተጻፈላቸው ሰንጠረዥ ይሄዳሉ። አየር ይበዛል፣ ነዳጅ ያንሳል።

መኪናዋ የቀለለችው ለዚህ ነበር። ፋብሪካው ቱርቦ ሞተር ሲረገጥ ሆን ብሎ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጠዋል፤ ትርፉ ቤንዚን ሲሊንደሩን ያበርዳል። ከዚያ ላይ ሲቀነስ ሞተሩ ለጊዜው ጉልበት ያገኛል። የሚከፍለው በሙቀት ነው፤ ቅልቅሉ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል፣ ፒስተኑን ይመታዋል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ተራው ቤንዚን ኦክቴኑ 85 ነው፤ ከፍተኛው 91። ባለ 85 ኦክቴኑ ርካሽ ቤንዚን በቱርቦ መኪና ላይ ከዚህ ቅልቅል ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ ጋሼ በዝርዝር ነገሩን፤ የተበሳ ፒስተን በእጃቸው ይዘው ያዩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ማታ የቼክ ኢንጂኑ መብራት በራ፤ ኮዱ ፒ0171፣ ነዳጅ አነሰ የሚል። ልጁ ራሱ ፈታው፣ የጓደኛውን ዕቃ መለሰ።

ብዙ ሰው ነገሩን እዚህ ላይ ዘግቶ ይሄዳል። ጋሼ ግን የፋብሪካው ሣጥን ከተመለሰ በኋላም ቁጥሩን ማንበብ ቀጠሉ። ትሪሙ ወደ ዜሮ ይወርዳል ብለን ጠበቅን። ወደ 10 በመቶ አካባቢ ወርዶ ቆመ።

«ይቺ ቁጥር ከመጀመሪያውም ነበረች» አሉ። «ዝም ያልኩት ምን እንደሆነች ስላልገባኝ ነው።»

ቆመው ሲያስነሡት 10። ሲነዳ 10። ዙር ሲጨምርም ከዚያው ብዙም አይርቅም። የመካኒክ ጥበብ የምለው ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው። አየር የሚሾልክበት ቀዳዳ ነዳጅ ሲረገጥ ለአየሩ ከሚከፈተው ክዳን በኋላ፣ ወደ ሞተሩ በኩል ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ ቆሞ ሲነሣ ትልቅ ሆኖ ሲረገጥ ይቀንስ ነበር፤ ምክንያቱም ሞተሩ በክዳኑ ጀርባ በኃይል የሚስበው ነዳጅ ሳይረገጥ ነው። በሁሉም ዙር እኩል ከሆነ ግን፣ አየሩ የሚሾልከው ከመለኪያው ሴንሰር በኋላ፣ ከቱርቦው በፊት ካለ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የሚስበው ኃይል ከሚያልፈው አየር ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ የሚሾልከውም በመቶኛ ሲታይ አይለዋወጥም። ሴንሰሩ ራሱ ቆሽሾ ሊሆንም ይችላል። አጸዱት፤ ለውጥ የለም።

ጭስ የሚነፋ ማሽን ከአንድ ወዳጃቸው ጋራዥ አስመጡ። የሣጥኑን በኩል ደፍነው ጭሱን በቀስታ ወደ ውስጥ ለቀቁት። እኛ የባትሪ መብራት ይዘን ጎንበስ አልን። ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ ከአየር ማከፋፈያው ሥር፣ ቱርቦው አጠገብ፣ ቀጭን ነጭ ክር ወጣ፣ ቀስ በቀስም ወፈረ።

ያ ጥቁር የጎማ ቱቦ ነበር። የቱርቦው ሙቀት ለዓመታት ጎማውን አድርቆታል፣ ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ጉም ደግሞ በሌላ በኩል አልፈስፍሶታል። ከታች፣ እጥፋቱ ላይ፣ የጣቴን ርዝመት የሚያህል ስንጥቅ። ለማውጣት የአየር ማከፋፈያውን ማንሣት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ማንም የማይደርስበት። ሲወጣ ስንጥቁ ዙሪያ ላይ ደረቅ አቧራ በዘይት ተጣብቋል። ጋሼ የባትሪውን መብራት ወደ ቱርቦው አፍ አዞሩትና ልጁን ጠሩት። የመጭመቂያው ክንፎች ጫፍ እንደ አዲሱ ጥርት ብሎ አልተሳለም፤ በአሸዋ የተፈገፈገ ይመስላል፣ ሻካራ ሆኗል። በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚዞር የአሉሚኒየም ክንፍ ነው። ማጣሪያው ሥራውን ሲሠራ ነበር፤ አቧራው የሚገባው ግን ከማጣሪያው በኋላ ባለ በር ነው።

«ስንት ማይል እንዲህ ነዳሁት?» አለ ልጁ። መልስ የሚሰጠው አልነበረም።

ምርጫው ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ለሚያብረቀርቀው ዕቃ ያስቀመጠውን ገንዘብ በውስጡ የሽቦ ጥምጥም ላለው የሲሊኮን ቱቦ አዋለው፤ ሽቦው ቱርቦው ሲስብ ቱቦው እንዳይሟሽሽ ይጠብቀዋል፣ ውስጡም ከፋብሪካው የለሰለሰና የሰፋ ነው። ከሴንሰሩ በኋላ ስለሚገኝ ስፋቱ የአየሩን ልኬት አያዛባም። ሣጥኑ በቦታው ቀረ። ማጣሪያውን በተመለከተ ጋሼና እኔ ትንሽ ተከራከርን። እኔ ታጥቦ ዘይት የሚቀባውን የጥጥ ማጣሪያ ነበር ያሰብኩት፤ ለዓመታት ያገለግላል። እርሳቸው የወረቀቱን መረጡ። ዘይቱ ሲበዛ ወደዚያ ቀጭን ሽቦ ደርሶ ይለጠፍበታል፤ ወረቀት ደግሞ ትንሽ አቧራ ሲይዝ የማጣራት ችሎታው እየጨመረ ይሄዳል፣ አየር ማሳለፉ ሲቀንስም ይቀየራል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። አሁን ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ በተለይ አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው። የግንባታ አቧራና ጥርጊያ መንገድ ባለበት ከተማ፣ ጎኑ በደንብ የሚገጥም የወረቀት ማጣሪያና ስንጥቅ የሌለው ቱቦ ከማንኛውም ቀይ ሾጣጣ ይበልጣሉ። ጎኑ ላይ ያለው ጎማ ሣጥኑን አጥብቆ ካልዘጋ የማጣሪያው ጥራት ዋጋ የለውም፤ ስትገዙ መጀመሪያ እርሱን እዩ።

ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ጣውላውን እንደገና ጉልበቴ ላይ ያዝኩ። በዚያው ዳገት ውሃው አንድ ስንዝር ተኩል ሳይሞላ ቆመ። ትሪሙ ከዜሮ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል። ልጁ መኪናዋ ቀድማ ትነሣለች ይላል፤ ይሁን፣ እኔ የማምነው ሜትሩን ነው።

ሦስተኛውን ዓይነት፣ ከጎማው በላይ የሚሰወረውን፣ አሁንም ይፈልገዋል፤ ጋሼም አልከለከሉትም። የሰጡት ሁኔታ ሁለት ነው፦ በ91 ኦክቴን ብቻ እንዲነዳ፣ ዕቃው በተገጠመበት ቀን ደግሞ የኮምፒውተሩ የአየር ሰንጠረዥ ለአዲሱ ቱቦ ስፋት ተለክቶ እንዲጻፍለት። ለሰንጠረዡ የሚከፈለው ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። እርሱ መቆጠብ ጀምሯል፤ እኔም ጣውላውን አስቀምጬለታለሁ።